የምታነክስ ዶሮ ከመታረዷ በፊት ውስጥ እግሯ ይታይ

ርእሰ አንቀጽ

እንደሚታወቀው በደምበጫ ዶሮ የማይገኝበት ግቢ ጥቂት ነው። የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ጠላ ጠማቂዋም፣ ጡረተኛውም ቢያንስ ሁለትና ሦስት ዶሮ ከጓሮው አያጣም። ዕንቁላሉ ለልጆች ደብተርና እርሳስ፣ ለጨውና ለሳሙና፣ ድንገት ለሚመጣ እንግዳም መሸፈኛ ነው። ዶሮዋ ራሷ ደግሞ ለዘመን መለወጫ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ትጠበቃለች። ይህ ገቢ አብዛኛውን ጊዜ በእናቶች እጅ የሚገኝ፣ ማንንም ሳያስፈቅዱ የሚያዝዙበት ገንዘብ በመሆኑ ትንሽ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም።

ታዲያ ክረምቱ ሲቃረብና ጭቃው ሲጀምር በየግቢው አንድ ነገር ይታያል። ደኅና የነበረች ዶሮ ማንከስ ትጀምራለች። አንድ እግሯን አጥፋ ትቆማለች። ጥሬ ሲበተን ሌሎቹ ሲሽቀዳደሙ እሷ ወደ ኋላ ትቀራለች። ይህን ጊዜ በሰፈራችን የሚወሰደው እርምጃ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ «ሳትሞትብን እንረዳት» ብሎ ቢላዋ ይስላል። ሁለተኛው እግሯን አስሮ፣ ማንከሷ እንዳይታወቅ አድርጎ ገበያ ያወጣታል። ሦስተኛው ከመድኃኒት ቤት የሰው ቴትራሳይክሊን ገዝቶ፣ እንክብሉን ፈትቶ በውሃ በጥብጦ ያጠጣታል። ሦስቱም አንድ ነገር ዘልለዋል፤ ይኸውም ዶሮዋን ገልብጠው ውስጥ እግሯን አላዩም።

ማኅበራችን ይህን ጉዳይ በዚህ እትም ማንሣት አስፈላጊ ሆኖ ያገኘው ዶሮ ከሌላው ችግራችን ሁሉ በልጣበት አይደለም። ጉዳዩ ሦስት ነገሮችን ስለሚነካ ነው፤ የእናቶችን ገቢ፣ የምንበላውን ሥጋና ዕንቁላል ንጽሕና፣ እንዲሁም ጎረቤት ከጎረቤት የሚገበያይበትን እምነት። «እንረዳት» ከማለታችን በፊት «እንርዳት» ለማለት የሚያስፈልገው ዕውቀት ደግሞ ከባድ አይደለም። ለብ ያለ ውሃ፣ ጨው፣ ንጹሕ ጨርቅና ትንሽ ትዕግሥት ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

በዶሮ ውስጥ እግር ላይ የሚወጣው ብጉንጅ መነሻው ብዙውን ጊዜ ትንሽ ቁስል ናት። እሾህ፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ የሚስማር ጫፍ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ ወይም የቆጥ እንጨት ስንጣሪ ቆዳዋን ይበሳዋል። በዚያች ቀዳዳ በኩል በዶሮዋ ቆዳና በአካባቢዋ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይገባሉ። ከእነዚህ መካከል ዋናው ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። ይህ ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አፍንጫና ቆዳ ላይ የሚገኝ፣ በሰውም ላይ ብጉንጅ የሚያወጣ ነው። ስለሆነም «የዶሮ ነገር ነው» ተብሎ የሚተው አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። በሰው ላይ ብጉንጅ ሲበስል መግሉ ፈሳሽ ስለሆነ ሲፈነዳ ይወጣል። የዶሮ መግል ግን አይፈስም። እንደ ደረቀ አይብ ጠጥሮ እቆዳው ሥር ይቀመጣል፤ ከላይ ደግሞ ጥቁር ቅርፊት ይሠራል። ስለዚህ እንደ ሰው ብጉንጅ በጣት መጭመቅ ፋይዳ የለውም። እንዲያውም ጀርሙን ወደ ውስጥ፣ ወደ ጅማትና ወደ አጥንት ይገፋዋል። ብዙ ዶሮ የሚጠፋው በበሽታው ብቻ ሳይሆን በዚህ ጭመቃ ጭምር ነው።

ክረምት ላይ የሚብሰው ለምንድን ነው? ቆዳ ቀኑን ሙሉ በጭቃና በእርጥብ ኩስ ውስጥ ሲውል ይረጥባል፤ የረጠበ ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይላጣል። እኛም ብንሆን ክረምቱን በባዶ እግር ጭቃ ውስጥ ስንውል የሚደርስብንን እናውቀዋለን።

የዶሮዋ ክብደትም የራሱ ድርሻ አለው። ያበሻ ዶሮ ቀላል ናት። ተመራማሪዋ ሐሊማ ሐሰን እ.ኤ.አ. እስከ 2007 ባካሄዱት ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከሚገኙ ያበሻ ዶሮዎች ሰባቱን ለይተው አጥንተዋል። ከእነዚያም ውስጥ የጎረቤታችን የደብረ ኤልያስ ዶሮና የጢሊሊ ዶሮ ይገኙበታል። እነዚህ ዶሮዎች ከአካባቢው ጋር አብረው የኖሩ ናቸው። ዛሬ ግን በየግቢያችን ሳሶና ቦቫንስ ገብተዋል። መግባታቸው መልካም ነው፤ ዕንቁላላቸው ብዙ፣ ሥጋቸውም ወፍራም ነው። ነገር ግን የከበደ አካል የሚያርፈው በእነዚያው በሁለት መዳፎች ላይ ስለሆነ፣ ላበሻ ዶሮ የተሠራ ቆጥ ለሳሶ አይሆንም።

ነገሩ ከቆጥ ይጀምራል

ሲመሽ ዶሮ ወደ ቆጥ መውጣቷ ተፈጥሮዋ ነው። አባቶቻችን ቆጥን ከፍ አድርገው የሠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሸለምጥማጥ አለ፤ ድመት አለ። ነገር ግን ቆጡ ከሰው ራስ በላይ ሆኖ ከሥሩ ያለው መሬት እንደ ድንጋይ የጠጠረ ሲሆን፣ ዶሮዋ በየማለዳው ስትዘል ሙሉ ክብደቷ የሚወድቀው በውስጥ እግሯ ላይ ነው። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ቆዳው ይደድራል፣ ይሰነጠቃል፣ ጀርም ይገባበታል።

«እንግዲያው ቆጡን ዝቅ እናድርገውና ሸለምጥማጥ ይብላብን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ሁለት ነው። ዶሮ ቤቱ በርና ወንፊት ሽቦ ካለው ቆጡ ከጉልበት ከፍታ ባይበልጥ ይመረጣል። በር ለማበጀት አቅም ያልፈቀደለት ደግሞ ቆጡን እንደነበረ ይተውና ከመሬት እስከ ቆጡ ጋደል ያለ መወጣጫ ሳንቃ ያቁም፤ እንዳያንሸራትትም በየስንዝሩ ቀጭን እንጨት ይምታበት። ዶሮ መወጣጫ ካገኘች መዝለሉን ቀስ በቀስ ትተወዋለች። ከቆጡ ሥር ደግሞ ጭድ ወይም ሰጋቱራ ይነጠፍ፤ ሲረጥብም ይቀየር።

የቆጡ እንጨትም ይታይ። ከባሕር ዛፍ ተቆርጦ ጉጡ ያልተስተካከለ፣ ቅርፊቱ የተንጠለጠለ እንጨት ዶሮዋን ሌሊቱን ሙሉ ሲወጋት ያድራል። ቅርፊቱ ተልጦ፣ ጉጡ ተጠርቦ፣ ጠርዙ የተለሰለሰ፣ ስፋቱም አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነ እንጨት ይበቃል። ለዚህ አናጢ መጥራት አያሻም። በአንድ መጥረቢያና በግማሽ ቀን የሚያልቅ ሥራ ነው።

ስለ ማሰሪያውስ?

ከገበያ የተገዛች ዶሮ ቤት እስክትለምድ አንድ እግሯ ታስሮ ትሰነብታለች። ካልታሰረች ትጠፋለች፤ የጠፋች ዶሮ ደግሞ በጎረቤት መካከል ስንት ጭቅጭቅ እንደምታስነሣ የምናውቀው ነው። ስለዚህ ልማዱን አንነቅፍም። ጥፋቱ ያለው በማሰሪያው ላይ ነው። ቀጭን ሲባጎ ወይም ከማዳበሪያ ከረጢት የተመዘዘ ክር ዶሮዋ በተንፈራገጠች ቁጥር ይጠብቃል፤ ወደ ሥጋዋም ይሰምጣል። ከዚያ ደም ወደ ጣቷ መሄዱን ያቆማል፤ ጣቷ ያብጣል፣ ይጠቁራል፣ በመጨረሻም ይወድቃል።

ማሰር ግድ ከሆነ በሁለት ጣት ስፋት የተቀደደ ለስላሳ ጨርቅ ይሁን። በጨርቁና በእግሯ መካከል የትንሽ ጣታችን ጫፍ ሊገባ ይገባል። ማሰሪያው በየቀኑ ይፈታ፤ እግሩም ይለዋወጥ። ከዚህ የሚሻለው ግን ዶሮዋን ጥቂት ቀን ዶሮ ቤት ዘግቶባት እዚያው እያበሉ ማስለመድ ነው። በዚህ አጋጣሚ ሹሩባ ሲፈታና ፀጉር ሲበጠር የሚወድቀው ፀጉርም ግቢ ውስጥ እንዳይጣል እናሳስባለን። በጫጩት ጣት ላይ ከተጠመጠመ የሚያደርሰው ጉዳት ከሲባጎው አያንስም።

እንዴት እንመርምራት?

ዶሮን ቀን በሩጫ ማሳደድ እሷንም ማድከም፣ የታመመውን እግርም ማባስ ነው። አመሻሹ ላይ፣ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ ቀስ ብሎ መያዝ ይቀላል። አንድ ሰው በብብቱ አቅፎ ይያዛት፤ ሌላው በባትሪ ብርሃን ሁለቱንም እግሮቿን እያመሳከረ ይይ። አንደኛው መዳፍ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ሲነካ ከሞቀ፣ መሐሉ ላይም ጥቁር ቅርፊት ካለ ነገሩ ብጉንጅ ነው። በጣቶቿ መካከል ክር ወይም ፀጉር መኖሩም በደንብ ይታይ።

ያነከሰች ዶሮ ሁሉ ግን ብጉንጅ አለባት ማለት አይደለም። መዳፏ ደኅና ሆኖ የቅልጥሟ ቅርፊት እንደ ቤት ክዳን ተነሥቶ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ ነገር ከሸፈነው፣ ያ የእግር እከክ ነው። የሚያመጣውም ከቅርፊቱ ሥር ገብቶ የሚኖር፣ በዓይን የማይታይ ተባይ ነው። በምሥራቅ ሸዋ የጓሮ ዶሮዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ ጥናት ይህ ተባይ ከቅማልና ከቁንጫ ጋር አብሮ ተገኝቷል። እኛም ዘንድ በዕድሜ የገፉ ዶሮዎች ላይ የምናየው ነው።

ብዙ ዶሮዎች ባንድ ሰሞን ከደከሙ፣ አረንጓዴ ከቀዘኑ፣ አንገታቸው ከተጣመመ ወይም ክንፋቸው ከወደቀ ግን ነገሩ የእግር ጉዳይ አይደለም፤ ፈንግል ሊሆን ይችላል። ፈንግል ፈውስ የለውም፤ መከላከያው ክትባት ነው። ቄብ ዶሮ አንድ እግሯን ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ መነሣት ካቃታትም ማሬክ የተባለው የነርቭ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ በሁለቱም ጊዜ ሳይውል ሳያድር ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይነገር። እንዲህ ያለችውን ዶሮ ወደ ገበያ ማውጣት በሽታውን ለሌላው ሰፈር መሸጥ ነው።

የሕክምናው አሠራር

ብጉንጅ መሆኑ ከታወቀ በኋላ የሚደረገው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ዶሮዋ ከሌሎቹ ትለይ። ደረቅ ጭድ በተነጠፈበት ቦታ ትቀመጥ፤ ውሃና ጥሬ ደጅዋ ላይ ይሁንላት። ቆጥ ላይ መውጣቷ ለጊዜው ይቅር።

ሁለተኛ፤ እግሯ በጨው ውሃ ይዘፍዘፍ። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ውሃው በክርን ሲሞከር ለብ ያለ ይሁን፤ የሚያቃጥል አይሁን። ጠዋትና ማታ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ማቆየት ነው። ዶሮዋ በፎጣ ብትጠቀለልና ዓይኗ ቢሸፈን ጸጥ ትላለች። የዚህ ጥቅሙ ቆሻሻውን ማጠብ፣ ቅርፊቱንም ማለስለስ ነው።

ሦስተኛ፤ ከጥቂት ቀን መዘፍዘፍ በኋላ ቅርፊቱ ለስልሶ በራሱ ሊለቅ ሲል፣ ለ10 ደቂቃ በተፈላ ወረንጦ ቀስ ብሎ ማንሣት ይቻላል። የጠጠረው መግል አብሮ ከመጣ ደግ ነው። ካልመጣ አይጎርጎር። አዲስ ደም ከታየ ያን ቀን ይቁም፤ ነገ መዘፍዘፉ ይቀጥል። በምላጭ መቅደድ ግን ከቶ አያስፈልግም። በመዳፏ ውስጥ ጅማትና የደም ሥር አለ፤ መቀደድ ካለበት የሚቀድደው ባለሙያ ነው።

አራተኛ፤ ቁስሉ በአዮዲን ተቀብቶ፣ ንጹሕ ፋሻ ወይም ተቀቅሎ የደረቀ ጨርቅ ይታሰርበት። እስሩ አይጥበቅ። ከታሰረ በኋላ ጣቶቿ ከቀዘቀዙ ወይም ካበጡ ወዲያው ይፈታ። ጨርቁ በየቀኑ ይቀየር፤ ከረጠበማ ቀኑን መጠበቅ አያሻም።

አምስተኛ፤ በሳምንት ውስጥ እብጠቱ መቀነስ፣ መርገጧም መሻሻል ይኖርበታል። ካልተሻላት፣ እብጠቱ ወደ ቅልጥሟ ከወጣ፣ ሁለቱም እግሮቿ ከታመሙ ወይም መብላት ካቆመች ወደ ወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መውሰድ ነው።

ሕክምናውን የሚሰጠው ሰውም ራሱን ይጠብቅ። ጓንት የሌለው ፌስታል በእጁ ያጥልቅ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ይህን ሥራ ለሌላ ይተው። ሽንኩርት የሚከተፍበት ቢላዋ የዶሮ ቁስል አይንካ፤ ዕቃ የሚታጠብበት ሳፋም መዘፍዘፊያ አይሁን። ይኸው ስታፊሎኮከስ ወጥ ወይም ወተት ውስጥ ገብቶ ሙቅ ቦታ ከዋለ መርዝ ይሠራል። መርዙ ደግሞ ምግቡ ተመልሶ ቢፈላም አይጠፋም። የተነሣው ቅርፊትና አሮጌው ጨርቅ ይቃጠል፤ እጅም በሳሙና ይታጠብ።

የእግር እከክ የያዛት ዶሮ ሕክምናዋ ሌላ ነው። ቅልጥሟ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና፣ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠብ። ሲደርቅ ከቅልጥሟ እስከ ጣቶቿ ቫዝሊን ወይም የኑግ ዘይት በደንብ ይቀባ። ቅባቱ ተባዩን አየር ያሳጣዋል። በየጥቂት ቀኑ ለበርካታ ሳምንታት መደጋገም አለበት፤ አንድ ጊዜ ቀብቶ መተው ዋጋ የለውም። አንዷ ከያዛት ሁሉም ይቀቡ፤ ቆጡም ይታጠብ። ቅርፊቱን በጥፍር መላጥ ያደማል። እግሯን ላምባ ወይም የመኪና አሮጌ ዘይት ውስጥ መንከርም ቆዳዋን ያቃጥላል፤ ይህ ልማድ መቅረት አለበት።

ስለ እንክብሉ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ቴትራሳይክሊን ሰጥቻት ድናለች» የሚል ሰው በየሰፈሩ አለ። ድና ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ሳይሰጣት ትድን ነበር። የሰውን እንክብል ፈትቶ በጣሳ ውሃ መበጥበጥ ግን ሦስት ችግር አለው። መጠኑ አይታወቅም፤ የታመመች ዶሮ በቂ ውሃ አትጠጣም፤ ጤነኞቹ ደግሞ ያላስፈለጋቸውን ይጠጡታል። በዚያ ላይ እንደ አይብ የጠጠረው መግል ውስጥ መድኃኒት በደንብ አይገባም። መጀመሪያ መጽዳት ያለበት ቁስሉ ነው።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኙት አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ግኝቱ ላይ የደረሱት ይህንኑ የስታፊሎኮከስ ዘር ሲመረምሩ ነበር። እኒሁ ሰው በ1945 የኖቤል ሽልማት በተቀበሉ ጊዜ፣ መድኃኒቱ ከልክ በታች ከተወሰደ ጀርሙን ሳይገድል እንደሚያለማምደው በንግግራቸው አስጠንቅቀዋል። ያሉት አልቀረም፤ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ መድኃኒት የማይበግረው ስታፊሎኮከስ አለ። በዶሮ ውሃ ውስጥ በጣሳ የምንበጠብጠው እንክብል ነገ ለልጃችን ቁስል ሲታዘዝ አልሠራ ቢል ማንን እንከስሳለን?

ሌላም አለ። መድኃኒት የወሰደች ዶሮ ዕንቁላሏና ሥጋዋ ለተወሰነ ቀን አይበላም። የቀኑ ቁጥር እንደ መድኃኒቱ ይለያያል፤ የእንስሳት መድኃኒት ሲሆን መያዣው ላይ ተጽፏል፤ ባለሙያውም ይናገራል። የሰው እንክብል ላይ ግን ይህ አይጻፍም። ታዲያ ዛሬ አጠጥተን ነገ ዕንቁላሉን ለጎረቤት ልጅ ስንሸጥ ምን እየሸጥን ነው? ዕንቁላሉን ለማትረፍ ብለን ጤናን መጣል «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይኸው ነው።

የማረድን ጉዳይም ግልጽ እናድርግ። ቁስሉ መዳፏ ላይ ብቻ ሆኖ ዶሮዋ ንቁ ከሆነች፣ ከበላችና መድኃኒት ካልወሰደች፣ እግሯ ከጉልበቷ በላይ ተቆርጦ ተጥሎ ሌላው ሥጋ በደንብ ከበሰለ ሊበላ ይችላል። መብላት ያቆመች፣ የከሳች፣ ትኩሳት የያዛት ዶሮ ግን አትበላም፤ አትሸጥምም። በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር። ወንዝ ዳር ወይም መንገድ ላይ መጣል ውሻና ሌላ ዶሮ ላይ ማዛመት ነው።

«ለአንዲት ዶሮ ይህ ሁሉ ጣጣ?»

ይህን የሚሉ ወገኖች እንዳሉ እናውቃለን። ሥራ የበዛበት ሰው ጠዋትና ማታ የዶሮ እግር ሲዘፈዝፍ ሊውል ነው ወይ ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ከባድ ነው። ነገር ግን እናስላው። ያበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ዕንቁላል ነው። አንድ ጊዜ ስትታቀፍ 21 ቀን ትተኛለች፤ ከዚያም ጫጩቶቿን ለሳምንታት ታሳድጋለች። የምታነክስ ዶሮ ዕንቁላል ትቀንሳለች፣ ጫጩት ይዛ ከጭልፊት አትሮጥም። ስለዚህ አንዲት እናት ዶሮ ስትታረድ የምናጣው አንድ ድስት ወጥ የሚያህል ሳይሆን የሚመጣውን ዓመት ዕንቁላልና ጫጩት ነው። በዚህ ዋጋ ግማሽ ሰዓት የሚበዛ አይመስለንም። ደግሞስ መወጣጫ ሳንቃው ከቆመና ግቢው ከጸዳ መዘፍዘፉ ራሱ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም።

ስለ መኖም አንድ ነገር እንበል። በአካባቢያችን በብዛት የሚመረተው ነጭ በቆሎ ለጉልበት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቆዳን የሚያጠነክረው ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል። ከጓሮ የሚለቀም የጎመን ቅጠል በየቀኑ ጣል ቢደረግላቸው ይህን ይሸፍናል። ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት አመድም ደረቅ ይሁን፤ የረጠበ አመድ ቆዳ ያቃጥላል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ዶሮ አጥር አታውቅም። በአንዱ ግቢ የተሰበረ ጠርሙስ የሌላውን ዶሮ ይቆርጣል፤ ካጥር የወደቀ እሾህ የማንንም እግር አይመርጥም። የባዶ እግር ልጆቻችንም የሚጫወቱት በዚያው መሬት ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ በግቢው የሚያደርገው ብቻውን አይበቃም። በመሆኑም ከዚህ የሚከተሉትን ሐሳቦች ለነዋሪው እናቀርባለን።

ሀ) ክረምቱ ጠንክሮ ከመግባቱ በፊት አንድ የጽዳት ቀን ተወስኖ፣ በየመንገዱና በየአጥሩ ሥር ያለው ጠርሙስ፣ ሚስማር፣ ቆርቆሮና እሾህ በጋራ ይለቀም። በዚያው ዕለት የኩስና የዝናብ ውሃ የሚያቁሩ ቦታዎች ቦይ ይበጅላቸው።

ለ) በየቤቱ የቆጥ እንጨት ይታይ፤ መወጣጫ ሳንቃ ይቁም። እጃቸው ለእንጨት ሥራ የቀና ወጣቶች፣ አቅም ለሌላቸው አረጋውያንና ብቻቸውን ለሚኖሩ እናቶች ይህን እንዲሠሩላቸው እንጠይቃለን። እንጨቱ ትርፍ ካለበት ግቢ ይገኛል።

ሐ) አዮዲን፣ ፋሻ፣ ጓንትና አንድ ወረንጦ የያዘ ሣጥን በማኅበሩ ወጪ ተገዝቶ በጋራ እንዲቀመጥ ለመጪው ጠቅላላ ስብሰባ ሐሳብ እናቀርባለን። ወጪው ለእያንዳንዱ አባል ሲካፈል ከአንድ ዕንቁላል ዋጋ ብዙም አያልፍም ብለን እናስባለን፤ ስብሰባው ይመዝነው።

መ) የፈንግል ክትባት በሚሰጥበት ጊዜ ሰፈሩ ባንድ ቀን ዶሮውን እንዲያወጣ ከእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር መነጋገር ይገባል። ግማሹ ተከትቦ ግማሹ ሲቀር ለማንም አይበጅም።

ሠ) የምታነክስ ዶሮ የሚሸጥ ሰው ለገዢው በግልጽ ይንገር። መድኃኒት የወሰደችም ከሆነ ቀኑ እስኪሞላ አይሽጥ። ይህን የሚያስገድድ ሕግ ማኅበራችን የለውም። ያለን መተማመን ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ የታመመች ዶሮ ደብቆ የሸጠ ሰው፣ ነገ ከዚያው ገበያ ለልጁ ዕንቁላል የሚገዛው እሱው ራሱ መሆኑን አይዘንጋ።

የተከበራችሁ የሰፈራችን ነዋሪዎች፤ ዛሬ ማታ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሲወጡ ባትሪ ይዛችሁ አንድ በአንድ እግራቸውን እዩ። ልጆችም አብረው ይዩ፤ ይማሩበታል። ቅርፊት ያገኛችሁ ነገ ጠዋት ውሃ ለብ አድርጉ። ደኅና ሆነው ያገኛችኋቸው ደግሞ ጭዳቸውን ቀይሩላቸው።